«መላምት» ወይስ «ግምት»? «ቲዎሪ»ስ?

ጥያቄ፦ በስድስት ኪሎ ግቢ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በመመረቂያ ጽሑፌ አጠቃሎ «ሃይፖተሲስ»ን «ግምት» ብዬ ብጽፈው አማካሪዬ ሰርዘው «መላምት» አሉት። ልዩነቱ ምንድን ነው? «ቲዎሪ»ስ ያው ያልተረጋገጠ ሐሳብ አይደለም ወይ?

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። «ሃይፖተሲስ» ገና ያልተረጋገጠ፣ ነገር ግን በማስረጃ ሊፈተንና ውድቅም ሊሆን የሚችል ማብራሪያ ነው። «ግምት» ግን ከመጠንና ከዋጋ ጋር የተቆራኘ ቃል ስለሆነ (የቤት ግምት፣ የወጪ ግምት እንደምንለው) ይህን ሐሳብ አይሸከምም፤ ለሰው ግምት መስጠት ስንልማ ጭራሽ ወደ አክብሮት ይሄዳል።

«መላምት» የተገኘው «መላ መታ» ከሚለው ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር መላ የሚመታ ሰው ማስረጃ አምጣ አይባልም፤ ስሙ ግን በትምህርት ቋንቋ ተገርቶ፣ የሚፈተን ሐሳብ መጠሪያ ሆኗል። ግሱ ስላልተገራ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ባያስገቡት ይሻላል፤ «ተመራማሪዋ መላ መታች» ቢሉ ነቀፌታ ይመስላልና «መላምት አቀረበች»፣ «መላምቱን ፈተነች» ይበሉ።

«ቲዎሪ»ን ያልተረጋገጠ የሚያስመስለው የከተማችን አነጋገር ይመስለኛል፤ በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ «ቲዎሪ» የ«ፕራክቲካል» ተቃራኒ ነው፣ አንዳንዴም የባዶ ወሬ ሌላ ስም። በሳይንስ ግን «ንድፈ ሐሳብ» ማለት ብዙ ማስረጃ የደገፈው፣ በርካታ ክስተቶችን በአንድነት የሚያብራራ ሥርዓት ነው። ከግቢዎ ወደ አራት ኪሎ ሲወርዱ ብሔራዊ ሙዚየምን ያገኛሉ፤ የድንቅነሽን ነገር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አፅሟ እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ መገኘቱ ሐቅ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ በአካባቢው የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ በተደረገ ልኬት የተደረሰበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአጥንቶቿን ስብራት አይተው «የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው» ማለታቸው ደግሞ መላምት ነው፤ ስብራቱ ከሞት በኋላ የደረሰ ነው ብለው የተከራከሯቸው ባለሙያዎች አሉ። ዝግመተ ለውጥ ግን ንድፈ ሐሳብ ነው፤ የድንቅነሽ አሟሟት ምንም ሆነ ምን እሱ አይናጋም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ለ«ቲዎሪ» «ጽንሰ ሐሳብ» ሲሉ ይታያል። እኔ እሱን ለ«ኮንሰፕት» ብተወው እመርጣለሁ፤ አለዚያ ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲገናኙ አንባቢ ይደናገራል።