ያልሰጠሁትን መድኃኒት ልፈርም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። አዲስ ተመራቂ ነርስ ነኝ። ሌሊት ዋርዱ ሲጨናነቅ ሲኒየሯ መድኃኒት ትሰጥና «አንቺ ፈርሚበት» ትለኛለች። ሐኪሙም በስልክ ያዛል። እምቢ እንዳልል ታኮርፈኛለች። ምን ይሻለኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ በፍጹም እንዳትፈርሚ! የሚፈርመው መድኃኒቱን በእጁ የሰጠው ሰው ነው። ታካሚው ቢጎዳ መጀመሪያ የሚታየው ካርዱ ነው። «ታዝዤ ነው» ማለት አያድንሽም፤ የሥራ ፈቃዱ የወጣው በአንቺ ስም ነው። የባለሙያ ሥነ ምግባርን የያዘውን ደንብ ቁጥር 299/2006 ፈልገሽ አንብቢው።

የስልክ ትዕዛዝ ለድንገተኛ ብቻ ይሁን። እየሰማሽ ጻፊ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና አሰጣጡን መልሰሽ አንብቢለት። ሰዓቱንና የሐኪሙን ስም መዝግቢ፤ ሲመጣ ይፈርም። ፖታሲየም ክሎራይድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነርስ አብራሽ ታረጋግጥ። ሳይበረዝ በደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል። ይህን ስጽፍ ራሱ ይጨንቀኛል።

ሲኒየርሽን በሰው ፊት አትናገሪያት። ለብቻዋ «ሲስተር፣ የሰጡትን እርስዎ ይፈርሙ፤ እኔ ቫይታል ሳይኑን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት) ልያዝልዎት» በያት። ብዙዎቹ ይሰማሉ። ካልሰማች ለዋርድ ኃላፊዋ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ቅጂውን አንቺ ጋ አስቀሪ።