ሦስት ሌንስ፣ ሁለት ኪሎ ቅቤ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጉዞ ዕቃ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የጠበቅሁት ስለ ካሜራና ስለ ስልክ ነው። የመጣልኝ ግን ግማሹ ስለ ካሜራ፣ ግማሹ ስለ ቅቤ ሆነ። አልተገረምኩም። የኛ ሰው ሻንጣ ውስጥ ቻርጀሩም በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
«ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለጥምቀት ጎንደር ልገባ ነው። ስልኬ ደህና ፎቶ ያነሳል። ግን እንዲህ ያለ ጉዞ በስልክ ብቻ ይታለፋል? 2 ሺህ ዶላር ገደማ የሆነ ካሜራ አይቼ ልቤ ሸፍቷል።»

ልብህን ሰብስበው። ካሜራው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለመልመድ ጊዜ የለህም። አዲስ ጫማ አድርጎ ሩቅ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። ታቦቱ ወጥቶ እልልታው ሲቀልጥ አንተ ሜኑ ውስጥ ጠፍተህ ነው የሚያገኝህ።

ካሜራ ስልክን የሚያስከነዳበት ቦታ እንዳለ አልክድም። አንዱ ጨለማ ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የአብዛኞቹ ስልኮች ሴንሰር በስፋት ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል። ቀን ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። የሚታወቀው የከተራ ዕለት ሌሊት ነው፤ ካህናቱ በጧፍ ብርሃን ሲያድሩ። ሌላው ርቀት ነው። በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዳር ቦታ ካልያዝክ ስልክህ የሚያስቀርልህ የሰው ማጅራት ነው።

እኔ አንድ ዓመት ለገና ላሊበላ ስሄድ ሦስት ሌንስ ተሸክሜ ነበር። ሁለቱ ሳይነኩ ተመለሱ። ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ በድንጋዩ አፋፍ ዙሪያውን ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» እያሉ ሲያሸበሽቡ፣ እኔ ሌንስ ልቀይር ስል ክዳኑ አምልጦኝ ቁልቁል ወደ ግቢው ወረደ። እሱን በዓይኔ ስከተል ያቺ ደቂቃ አለፈች። አጠገቤ የነበረችው የእህቴ ልጅ በስልኳ ቀጭ አደረገችው። ዛሬ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሷ ነው። የኔ ሦስት ሌንስ ያመጣው ነገር ቢኖር የወገብ ሕመም ነው።

ስለዚህ ቤትህ የቆየ፣ እጅህ የለመደው ካሜራ ካለ ከአንድ ሌንስ ጋር ያዘው። ከሌለህ ስልክህ ይበቃል። ከመሄድህ በፊት ግን የስልኩን ሆድ አጽዳ። ጥምቀት ላይ «ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ ከማየት የባሰ ነገር የለም። ወፍራም ፌስታልም ኪስህ ይኑር። ውኃው ከተባረከ በኋላ ሕዝቡ ላይ ሲረጭ ካሜራና ሰው አይለይም። «የለም፣ ካልገዛሁ አይሆንም» ካልክ ኪስ የሚገባ ነገር ፈልግ። ሪኮ ጂአር 3 የሚባለው ትንሽ ካሜራ ከነባትሪው 257 ግራም ነው፤ ሴንሰሩም ከስልክ በብዙ ይበልጣል። ግን ዙም የለውም። ከውኃና ከአቧራ የሚከላከል ማሸጊያም የለውም። ጎንደር በጥር ደግሞ አቧራዋን ታውቃታለህ።

አያት ካሉህ ድምፃቸውን ቅዳ። ለዚህ ካሜራ አያስፈልግም፤ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠህ ቡናው እስኪያልቅ መተው ነው።

ከዱባይ
«ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ 30 ሺህ የሚል ፓወር ባንኬን ኤርፖርት ወሰዱብኝ። የጓደኛዬ 20 ሺህ ግን አለፈ። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ሒሳብ ነው። ፈታሾቹ የሚያዩት 30 ሺህ፣ 20 ሺህ የሚለውን ሚሊ አምፒር ሳይሆን ዋት አወር የሚባለውን ነው። ሚሊ አምፒሩን በ3.7 አባዢው፤ ከዚያ ለ1 ሺህ አካፍዪው። ያንቺ 111 ይመጣል፤ የጓደኛሽ 74። ሳይጠየቅ የሚያልፈው እስከ 100 ያለው ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን እርሺው።

በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ትንሿም ብትሆን አይፈቀድም። ሊቲየም ባትሪ አንዴ እሳት ካነሳ፣ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ማን ይደርስለታል? ካቢን ውስጥ ከሆነ አስተናጋጆቹ አሉ። አንቺ ካለሽበት ከተማ የሚነሳው ኤምሬትስ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ይበልጥ አጥብቋል። ለአንድ ሰው ከ100 ዋት አወር በታች የሆነ አንድ ብቻ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ስልክ አይሞላበትም፤ እሱም አይሞላም። ከራስ በላይ ባለው መደርደሪያም አይቀመጥም።

እንደኔ እንደኔ 10 ሺህ የምትለዋ ትበቃለች። 30 ሺህ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ስልክ ሳይሆን መንደር የሚሞላ ነው የሚመስለኝ።

ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ
«ልጄ ፍራንክፈርት ልትወልድ ነው። ላርሳት እሄዳለሁ። ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ማርና ተልባ አዘጋጅቻለሁ። እሷ ደግሞ ‹እማዬ፣ ሻንጣ እንዳታበዢ› ትለኛለች። ምን ልቀንስ?»

ማርያም በሽልም ታውጣልዎ።

ቅቤውንና ቋንጣውን መቀነስ ሳይሆን ጨርሶ መተው ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። ቢነጠርም፣ በሦስት ፌስታል ቢጠቀለልም፣ ቅቤ ያው ቅቤ ነው። ጉምሩኩ ካገኘው ወስዶ ይጥለዋል። የዛሬን የቅቤ ዋጋ ለሚያውቅ እናት ይህን ቆሞ ማየት ቀላል አይደለም።

እኔ ቢሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ቅቤ ጀርመን ሱቅ ሞልቷል፤ ጨው የሌለውን ብቻ ያስገዙ። እዚያ የሌለው የእርስዎ ማንጠሪያ ነው። ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ በሶብላውንና አብሹን አድርቀው ይያዙ። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ከዚያ እዚያው ያንጥሩት። የልጅዎ ቤት ለሳምንት ቅቤ ቅቤ ቢል የሚከፋው ጎረቤት ብቻ ነው።

የገንፎ ዱቄቱን ይያዙ። የገብስ ዱቄት እዚያ ባይጠፋም እርስዎ ቆልተው እንዳስፈጩት አይሆንም። ዱቄቱም ተልባውም ማሩም በሚጫነው ሻንጣ ይሁኑ። ማር በእጅ ቦርሳ ከፈሳሽ ይቆጠራል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ፍተሻው ላይ ይቀራል። (ወደ አሜሪካ የምትሄዱም አስተውሉ። ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ወዲህ ከ350 ሚሊ ሊትር የበለጠ ዱቄት ነገር በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ፈታሹ ካልተማመነበት ካቢን አይገባም። ሽሮና በርበሬ ከታች ይጫኑ።)

መድኃኒትዎንና መነጽርዎን ከእጅዎ አይለዩ። ቻርጀርዎን ከቤት ነቅለው ይዘው ይሂዱ። የጀርመን ሶኬት ከኛ ጋር ይገጥማል፤ መብራቱም ተመሳሳይ ነው። ማንም «አዳፕተር ግዢ» ቢልዎ አይስሙት። ጋቢውን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ፤ ትከሻዎ ላይ ጣል ያድርጉት። የለበሱትን የሚመዝን የለም።

ከሐዋሳ
«ወንድሜ ከአሜሪካ የፀጉር መቁረጫ ማሽን ላከልኝ። በአዳፕተር ስሰካው ጧ ብሎ ጨሰ። ተጭበርብሮ ይሆን?»

ወንድምህ አልተጭበረበረም። አዳፕተር የሚቀይረው ስፒናውን እንጂ መብራቱን አይደለም። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፤ እኛ 220። ዕቃው ላይ በትንሹ የተጻፈውን ማየት ነው። «100–240» ካለ የትም ይሠራል፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው እንዲህ ነው። «120» ብቻ ካለ ግን እዚህ ሲሰካ ዕጣው ያንተው ማሽን ዕጣ ነው።

ተገላቢጦሹም አለ። ከዚህ የእንጀራ ምጣድ ተሸክመው ዋሽንግተን የሚገቡ አሉ። የ220 ቮልት ምጣድ 120 ላይ ሲሰካ የሚሰጠው ሙቀት ከሲሶ በታች ነው። ዓይን ያለው እንጀራ ቀርቶ ሊጡም አይደርቅም።

ከነታንያ፣ እስራኤል
«ከአገር ቤት የሚላክልኝ የሰርግ ፎቶ ሁሉ ብዥ ያለ ነው። ፎቶ አንሺው ነው ጥፋተኛው?»

ቴሌግራሙ ነው። ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኪው ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንደተነሳ ይደርሳል። ላኪዎቹን «በፋይል ላኩልኝ» በያቸው። ዳታ ይበላል፤ ስለዚህ አምስት መቶውን ሳይሆን የምታሳትሚያቸውን አሥሩን ብቻ።

ከባሕር ዳር
«የሰርግ ፎቶ ሥራ ልጀምር ነው። ያገለገለ ካሜራ አግኝቻለሁ። ሻጩ ‹ብዙም አልተሠራበትም› ይላል። በምን ልወቅ?»

በአፉ አትመነው፤ ካሜራው ራሱ ይናገራል። ሻተሩ፣ ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው በር ማለት ነው፣ ስንት ጊዜ እንደሠራ ቁጥር ይይዛል። በኒኮን ቁጥሩ ካነሳኸው ፎቶ ፋይል ውስጥ ይገኛል። በብዙዎቹ ካኖኖች ግን ኮምፒውተር ላይ በፕሮግራም ማስነበብ ይጠይቃል። መካከለኛ ካሜራዎች 100 ሺህ ወይም 150 ሺህ ጊዜ እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አስበው፦ አንድ ሰርግ ላይ 2 ሺህ ጊዜ ከጫነ፣ 50 ሰርግ ማለት 100 ሺህ ነው። «ብዙም» የሚለው ቃል የት ላይ እንደሚያልቅ እዚህ ይታያል።

ከዚያ ሌንሱን ፈትተህ በስልክ ባትሪ ከኋላ አብራበት። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየህ ፈንገስ ነው፤ አትግዛው። ቀጥሎ ሌንሱን መልሰህ፣ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ አጥብበህ፣ ኤፍ 16 የሚለው ቁጥር ላይ፣ ነጭ ግድግዳ አንሳ። ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ይጸዳል፤ ግን ዋጋ ማስቀነሻ ይሆንሃል።

ሌንስ ላይ አትሰስት፤ አካሉ ላይ ሰስት። ካኖን ኢኤፍ የሚባለው የሌንስ መግጠሚያ ከ1987 (በፈረንጁ) ጀምሮ ያለ ነው። ያኔ የተሠራ ሌንስ ዛሬም ይሠራል፤ መስታወት አልባ (ሚረርለስ) በሚባሉት አዲሶቹ ካሜራዎች ላይም በአዳፕተር ይገጥማል። 50 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 የሚለው ሌንስ ርካሽ ነው፤ ለሙሽራ ፊት ግን ግሩም ነው። የናንተ ከተማ ክረምት ላይ እርጥብ ነው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን «አይበላም» የሚል እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣል። ካሜራ ቦርሳህ ውስጥ ክተተው።

ከአዳማ
«ትኬቴ ላይ ረቡዕ 00:40 ይላል። ረቡዕ ማታ ነው የምሄደው?»

ኧረ በማርያም! ማክሰኞ ማታ ቦሌ ተገኝ። 00:40 በኛ ከሌሊቱ 6:40 ነው። እኛ ያንን ሌሊት የማክሰኞ እንለዋለን፤ ትኬቱ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ረቡዕ ብሏል። በዚህ ስሕተት አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ከቤተሰቤም አለ፤ ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኛል።

ከዴንቨር
«ድሮን ይዤ ብመጣስ?»

ፈቃድ በእጅህ ከሌለ አታምጣው። ቦሌ ላይ ይቀራል።

ከቶሮንቶ
«አገር ቤት ልሄድ ነው ስል ሰው ሁሉ ‹ይቺን ብቻ አድርስልኝ› ይላል። ከ46 ኪሎው የራሴ 9 ኪሎ ነው። እንዴት እምቢ ይባላል?»

እምቢ አይባልም። የማይቻለውን እንዴት እንደሚሉ ከመጠየቅ የሚቻለውን ልንገርሽ።

የእጅ ሚዛን ግዢ፤ ሻንጣ የሚንጠለጠልበት። ዕቃውን ባለቤቱ ፊት መዝኚው። «ይቺን ብቻ» የተባለችው 4 ኪሎ ሆና ስትገኝ ባለቤቱ ራሱ ያፍርና ይቀንሳል። ተጠቅልሎ የመጣ ነገር አትቀበዪ፤ ፊታችሁ ይከፈት። ዘመድ ቢሆንም። «ማን አሸገልሽ?» ብለው ኤርፖርት ላይ የሚጠይቁት አንቺን ነው። ካርቶን ውስጥ ያለ ስልክ ወይም ለብቻው የተላከ ባትሪ ካለ ወደ እጅ ቦርሳ ይዙር። ስም፣ ስልክ ቁጥርና ሰፈር ዕቃው ላይ ይጻፍ። አድራሹ እየዞረ ቤት ለቤት አያድርስ፤ ተቀባዩ መጥቶ ይውሰድ።

ይህን ሁሉ የምለው ስለሚሠራልኝ እንዳይመስልሽ። ባለፈው ሰኔ ያመጣሁት 43 ቁጥር ጫማ እስካሁን ሳሎኔ ተቀምጧል። ባለቤቱ ይህን እያነበብክ ከሆነ ደውል፤ ልጄ ሊለካው ጀምሯል።