ተማሪዎችን ቅሪተ አካል ልናሳይ ነው፦ ጥያቄና መልስ

በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተማሪዎችን ሳስጎበኝ ዓመታት አልፈዋል። የዚህ ቡድን አባል የሆናችሁ መምህራን፣ ያላችሁን ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሦስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ሙዚየሙን በግማሽ ቀን እንዴት እናዳርሰው?

መልስ፦ አታዳርሱትም እህቴ። ሁለት ወይም ሦስት ቅሪተ አካል ብቻ ምረጪ። ቀድመሽ ብቻሽን ሄደሽ እያቸው። ልጆች በየመስታወቱ ፊት ተሰልፈው ካለፉ፣ ትዝ የሚላቸው ሰልፉ ነው።

ጥያቄ፦ ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ ለስንተኛ ክፍል? ለምን ያህል ሰዓት? ዘርዘር አድርጋችሁ ጠይቁ እንጂ።

ጥያቄ፦ አንድ ተማሪዬ «ይሄ የእውነት አጥንት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይሄ ነው! እውነቱን ንገረው። በየሙዚየሙ ቆመው የምናያቸው ብዙዎቹ ትልልቅ አጽሞች በሙሉ ወይም በከፊል ቅጂ ናቸው። ከዋናው ላይ ቅርጹ ይወሰድና በጀሶ ወይም በፕላስቲክ መሰል ነገር ይሠራል። ምክንያት አለው። ቅሪተ አካል ማዕድን ስለገባበት በጣም ይከብዳል፤ ተመራማሪዎችም ዋናውን ይፈልጉታል። ቺካጎ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተገኘውን «ሱ» የተባለ ቲራኖሰረስ (ትልቅ ዳይኖሰር ነው) ውሰድ። አንገቱ ላይ ያለው ራስ ቅል ቅጂ ነው። ዋናው ስለሚከብድ ለብቻው ተቀምጧል። ድንቅነሽም እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ ስትገኝ የተሰበሰበው ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ነው። ሙሉ ሆና ቆማ ካያችኋት፣ የጎደለውን ባለሙያዎች ሞልተውታል ማለት ነው።

ታዲያ ልጆቹን «የትኛው የእውነት፣ የትኛው የተሞላ ይመስላችኋል?» በሏቸው። የቀለም ልዩነት ይፈልጉ፣ ስንጥቅ ይፈልጉ። ከዚያ ጥርሱ ጋ ቁጭ በሉ። የቲራኖሰረስ ጥርስ ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው። ምን ይበላ እንደነበር ልጆቹ ይገምቱ፤ ከአጽሙ ጎን ያለው ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ይነበብ።

አንድ አባል፦ ቅጂ ከሆነማ ለምን እንደክማለን? ስልክ ላይ ያዩት የለም እንዴ?

ሌላ አባል፦ የአንዳንዱ ዕፅ በል ዳይኖሰር የጭን አጥንት ከአስተማሪው ቁመት ይበልጣል። ስልክ ላይ ይሄ ይታያል?

አንድ አባል፦ እሺ፣ ፎቶ ግን ይነሱ። ወላጅ ማየት ይፈልጋል።

ሌላ አባል፦ የኔ ተማሪዎች ስልክ ከያዙ የሚያነሱት ራሳቸውን ነው።

መልስ፦ በቃ፣ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። እርሳስና ወረቀት ያዙ። የሚስል ልጅ ልብ ብሎ ያያል። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም፤ የአጽሙን ጣቶች ይቁጠር።

ጥያቄ፦ ሰውና ዳይኖሰር አብረው ኖረዋል የሚሉ ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ አልኖሩም። ከወፎች በቀር (ወፎች የዳይኖሰር ዘር ናቸው) ዳይኖሰሮች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። ድንቅነሽ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ከጉብኝቱ በፊት ሜዳ ላይ በሜትር አሳዩአቸው። መነሻው ዛሬ፣ አንድ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን። አንዱ ልጅ 3.2 ሜትር ላይ ድንቅነሽን ሆኖ ይቁም፤ ሌላው 66 ሜትር ሄዶ የመጨረሻውን ዳይኖሰር ይሁን። ለመነጋገር መጮህ አለባቸው።

ጥያቄ፦ መንካት ይቻላል?

መልስ፦ እንዲነካ ተለይቶ የተቀመጠውን ብቻ። ሙዚየሙን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወላጆች የሃይማኖት ጥያቄ ቢያነሱስ?

መልስ፦ እሱን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገሩበት። እኔ የማውቀው አጥንቱን ነው።

ጥያቄ፦ አዳራሾቹን በሙሉ ለማየት ስንት ሰዓት ይበቃል?

መልስ፦ ኧረ ከላይ መልሻለሁ! ሁለት ወይም ሦስት ቅሪተ አካል። በቃ።

ጥያቄ፦ አስጎብኚው ንግግር ቢያበዛስ?

መልስ፦ ከመግባታችሁ በፊት አነጋግሩት። አሥር ደቂቃ ይናገርና የቀረውን ጊዜ ለልጆቹ ጥያቄ ይተውላቸው።