የመኪና መሪ ብቻ አትያዙ

ዋሽንግተን ዲሲ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር። ምድር ቤት፣ ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ብር መቀበል። ከእኔ በፊት የነበረው ሐበሻ፣ ሺፍት የሚቀይረኝም ሐበሻ። አንድ ቀን መውጫው ላይ ካርድ የሚቀበል ማሽን ተተከለ። ብዙም ሳይቆይ "ካሸር አንፈልግም" ተባልን።

ታክሲ ያዝኩ። ያኔ ከተማው በዞን ተከፋፍሎ ሒሳቡም በዞን ነበር፤ ካርታውን እንደ ዳዊት ሸመደድነው። በፈረንጆቹ 2008 ሒሳቡን የሚቆጥር ሜትር ገባ፤ አጉረመረምን፣ ለመድነው። 2011 መጨረሻ ላይ ሰው በስልኩ መኪና የሚጠራበት ኡበር ሲመጣ "ይሄም ያልፋል" ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። አላለፈም። ፊኒክስ የሚባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ዌይሞ የሚባለው መኪና ያለ ሹፌር ሰው ያመላልሳል። ሳን ፍራንሲስኮም ገብቷል።

ሹፌር ወገኖቼ፣ መንዳቱን ነገውኑ ተዉት አልልም። የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ። ግን እየነዳችሁ ሌላ ሙያ ደርቡበት።

እኔ የደረብኩት የኤሲ (የቤት አየር ማቀዝቀዣ) እና የፍሪጅ ጥገና ነው። አሜሪካ ውስጥ የማቀዝቀዣ ጋዝ ያለበትን ማሽን ከፍቶ የሚጠግን ሰው 608 የሚባል ሰርተፊኬት እንዲኖረው የፌዴራሉ ሕግ ያስገድዳል። ደረጃዎች አሉት። ከተፈተናችሁ አይቀር ዩኒቨርሳል የሚባለውን ውሰዱ፤ ከቤት ፍሪጅ እስከ ትልልቅ ሕንፃ ማሽን ያሠራል፣ ማሳደስ የሚባል ጣጣም የለበትም።

ወረቀቱ ብቻውን ግን አላስቀጠረኝም። የሕንፃ ጥገና ሥራ ስጠይቅ ሰውዬው የፈለገው ብዙ ነገር ነው፦ የሚያፈስ ቧንቧ ማሰር፣ የመብራት ብሬከር ለምን እንደወደቀ ማወቅ፣ የሠሩትን ታብሌት ላይ መመዝገብ፣ የተናደደ ተከራይን ማብረድ። ተከራይ ማብረዱን የታክሲ ሥራ አስተምሮኛል፤ ከሌሊት ሰካራም የባሰ ተከራይ እስካሁን አልገጠመኝም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቨርጂኒያ የምትኖሩ በአቅራቢያችሁ ያለውን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስለ ጂ ስሪ ጠይቁ። በ2021 የወጣ ፕሮግራም ነው። ገቢው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ለሆነ ነዋሪ በጤና፣ በአይቲ፣ በእጅ ሙያና በመሳሰሉት የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። ሌላ ስቴት ያላችሁ አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባለው የሥራ ፈላጊዎች መርጃ ቢሮ ሂዱና ለስልጠና የሚሰጥ ድጋፍ ካለ ጠይቁ። አገልግሎቱ ነፃ ነው። "በ3 ወር አይቲ፣ ስድስት አሃዝ ደሞዝ" የሚላችሁን ግን፣ ሐበሻም ቢሆን፣ ክፍያ ከመጀመራችሁ በፊት ያስቀጠራቸውን ሰዎች አገናኘኝ በሉት። እኔ ሳልጠይቅ ከፍዬ ተበልቻለሁ።

ጊዜ የለኝም ለምትሉም፣ እኔም አልነበረኝም። ናሽናል ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ስንት ዓመት ፖለቲካ ስንሰነጥቅ ኖረናል። የ608ን ጥያቄዎች ያጠናሁት እዚያው ወረፋ ላይ፣ መስኮቱን ዘግቼ ነው። ጓደኞቼ ኮራብን ብለው አኩርፈውኝ ነበር። በኋላ ሁለቱ ደብተሬን ተዋሱኝ።