ስለ ምክር ቤት ደንብ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከድሬዳዋም ከሐረርም የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ የምክር ቤቶች የውስጥ አሠራር ደንብ። በቀጥታ ወደ መልሱ።

«ፓርላማው መጨረሻ ላይ እጅ አውጥቶ ያጸድቃል። ደንቡ ቢሻሻል ምን ይለወጣል?» (ከሳቢያን)

ብዙ። ሕገ መንግሥቱ የደነገገው ዋና ዋናውን ነው፤ ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሟላል፣ ውሳኔም በድምፅ ብልጫ ያልፋል። ረቂቅ ሕጉ መቼ ይታደል፣ ቋሚ ኮሚቴው ስንት ቀን ይመርምረው፣ ማን ስንት ደቂቃ ይናገር የሚለውን አንቀጽ 59 ለምክር ቤቱ ደንብ ትቶታል። ማለዳ የታደለን ረቂቅ ከሰዓት በፊት አንብቦ መከራከር አይቻልም።

«ሚኒስትሩ ይጠየቃል፣ ‹በሂደት ላይ ነው› ይላል፣ በዚያው ያልፋል። ምን ይሻላል?» (ከከዚራ)

እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሥልጣን አልጎደለም። በአንቀጽ 55 መሠረት ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጭምር ጠርቶ መጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራርም መመርመር ይችላል። የጎደለው ክትትል ነው። አንዲት ተመራጭ ስለ መጠጥ ውሃ ጠየቀች እንበል። ከእሷ ቀጥሎ አሥር ሰው ይጠይቃል። ባለሥልጣኑ ሁሉንም ጠቅልሎ ይመልሳል፤ የውሃው ጉዳይ መሃል ላይ ተውጦ ይቀራል። «የእኔ አልተመለሰም» እንዳትል ተራዋ አልፏል።

ስለዚህ ጠያቂው እዚያው ተከታይ ጥያቄ የማንሳት መብት ይኑረው። «በሂደት ላይ» ለተባለ ሁሉ ቀን ይቆረጥለት፣ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፣ ቀኑ ሲደርስም አጀንዳ ሆኖ ይመለስ። በእንግሊዝ ፓርላማው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ረቡዕ ረቡዕ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጠየቃል። የተቃዋሚው መሪ እስከ ስድስት ጥያቄ ማከታተል ይችላል። ጩኸቱ ይበዛል፣ እውነት ነው። ግን ተጠያቂው ቀኑን ያውቀዋል፤ ጠያቂውም እንደዚያው።

«የኛ ክልል ምክር ቤት ሁለት ጉባኤ ነው። ይህ ሥራ አያንዛዛም?» (ከጀጎል)

የሐረሪ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው፤ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ። አወቃቀሩ ከክልሉ ሕገ መንግሥት የመጣ ስለሆነ የውስጥ ደንብ አይነካውም። በእኔ እምነት ደግሞ ቁጥሩ ማነሱ ዕድል ነው። 547 መቀመጫ ላለው የፌዴራሉ ምክር ቤት የሚከብደውን አንቀጽ በአንቀጽ መከራከር 36 ሰው ይችለዋል።

«ነጋዴ ነኝ። አስተያየት ስጡ ተብዬ ስጠራ ረቂቁን የማገኘው በር ላይ ነው። ሱቄን ዘግቼ መሄዴ ምን ይጠቅማል?» (ከቀፊራ)

እውነትዎን ነው፣ እንዲህ ከሆነ አይጠቅምም። ረቂቁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይውጣ፤ ይህም በደንቡ ግዴታ ይሁን። የፌዴራሉ ምክር ቤት ሰኔ 30 ለዕረፍት ይበተናል። ድሬዳዋን ሁለት ሰው፣ ሐረሪንም ሁለት ሰው ይወክላሉ። ክረምት ላይ መራጩን ሊያነጋግሩ ሲመጡ ይህንኑ ጥያቄ ያቅርቡላቸው፣ መልሱንም በቀን ያስይዟቸው።