ጥያቄና መልስ፦ ለጌማችን ሠዓሊና ሙዚቀኛ ከየት እናምጣ?

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ በአፄ ፋሲል ዘመን ጎንደር ላይ የሚያጠነጥን ሮል ፕሌይንግ ጌም (ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪኩን የሚከተልበት) በትርፍ ጊዜያችን ጀምረናል። እሱ ኮድ ይጽፋል፤ እኔ ታሪኩን። «ሠዓሊና ሙዚቀኛ እንፈልጋለን» ብለን ቴሌግራም ላይ ስንለጥፍ ብዙ ሰው «አለሁ» አለ፤ ወር ሳይሞላ ግን ሁሉም ጠፉ። ምን ይሻለናል? (ከማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ የጠፉት ሥራ ጠልተው አይመስለንም። ምን እንደሚሠሩ፣ ስንት እንደሚሠሩና መቼ እንደሚያበቃ አልተነገራቸውም። ይህ ዓይነቱ ጌም ደግሞ ሥራ ይበላል። አንድ ገጸ ባሕርይ በአራት አቅጣጫ እንዲራመድ፣ ለየአቅጣጫው አራት ምስል ቢሳል 16 ምስል ነው፤ አሥር ሰው ያለበት ሰፈር 160 ይሆናል። ቤቱና ዛፉ ገና ነው። የግራውን ምስል ገልብጦ ለቀኝ መጠቀም ለአንድ ሰው ወደ 12 ያወርደዋል፤ ነገር ግን በቀኝ እጁ ጦር የያዘ ወታደር በዞረ ቁጥር ጦሩ እጅ ይቀይራል። ይህን ከሠዓሊው ጋር አስቀድማችሁ ወስኑ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻ የምትጨርሱት ማሳያ ሥሩ፦ አንድ ሥፍራ፣ ሦስት ሰው፣ አንድ ተልእኮ፣ አሥር ደቂቃ የሚያጫውት። ሥዕል ባይኖር ባለቀለም ሳጥን ይራመድ። ጎዶት የተባለው ኢንጂን (ጌም የሚሠራበት ፕሮግራም) በነጻ የሚገኝ ነው፤ ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን የምስል አሠራር ከመረጣችሁ በቆየ ላፕቶፕም ይሄዳል። ሁላችሁም ተመሳሳይ ቁጥር ያለው የጎዶት ቅጂ ተጠቀሙ፤ አንዱ በአዲሱ ከፍቶ ካስቀመጠው በአሮጌው ላይ ሊበላሽ ይችላል። ሥራውን በጊት (የፋይል ለውጦችን መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም) ስታስቀምጡ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ሲን (በጎዶት ለብቻው የሚቀመጥ የጌሙ ክፍል) አይንካ፤ ሁለቱን ለውጥ ማስታረቅ አድካሚ ነው። ገበያው፣ በሩና ጀግናው ለየብቻ ሲን ይሁኑ።

ማስታወቂያችሁ «ሠዓሊ እንፈልጋለን» ከሚል እንዲህ ይበል፦ «12 ታይል (እየተገጣጠመ መሬትና ግንብ የሚሆን ትንሽ ካሬ ምስል)፣ 32 በ32 ፒክስል፤ የድንጋይ ግንብ፣ ደረጃ፣ ሣር። ጊዜ ሁለት ሳምንት። ክፍያ የለም፤ ስም በጌሙ መጨረሻ ይጻፋል። ማሳያው ከዚህ በታች አለ።» ይህን የጨረሰ ሰው ቀጣዩንም ሊሠራ ይችላል፤ ካልጨረሰም የጠፋባችሁ 12 ታይል ብቻ ነው። ከሥራው ጋር ፎቶ ስጡት፣ የትኛው ሕንፃ የማን እንደሆነም ንገሩት። በፋሲል ግቢ የአፄ ኢያሱና የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥቶች የተሠሩት ከፋሲል በኋላ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴም እንዲሁ። ግቢውን ዛሬ እንደሚታይ የሣለ ሰው ዘመኑን ያፋልሳል፣ ሥራውም ይደገማል።

ሰው የት ይገኛል? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ተማሪዎችን በሴሚስተር መጀመሪያ ጠይቁ፤ ፈተና ሲቃረብ ማንም አይመልስላችሁም። ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች ውስጥ ያሉ የግራፊክስ ባለሙያዎች ብዙ ሰው የማያስታውሳቸው ጥሩ ሠዓሊዎች ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥሉትንም አትርሱ፤ በወረቀት ሥለው በስልክ ካሜራ ፎቶ ቢነሣ ለገጸ ባሕርያቱ ፊት ይበቃል።

ለሙዚቃው አዝማሪ አነጋግሩ፤ ግን ክፈሉት፣ እንጀራው ነው። ለየትኛው ትዕይንት የትኛው ቅኝት እንደሚሆን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ዜማው በጌሙ ውስጥ ስለሚደጋገም ሰላሳ ሰከንድ ያህል ተጫውቶ በጀመረበት ድምፅ ይጨርስ። ዋናውን ቅጂ በዌቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል) አስቀምጡ፤ ወደ ጌሙ የሚገባው ኦግ (የታመቀ የድምፅ ፋይል) ይሁን። ኤምፒ3 መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨምር ዜማው ሲደጋገም ይቆራረጣል።

የጌሙን ታሪክ የሚጽፉት እርስዎም የራስዎ ሥራ አለ። ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት ጀግና መምረጥ ከቻለ «ሂድ» እና «ሂጂ» ሁለቱም መጻፍ አለባቸው፤ ይህ ሽማግሌው ጀግናውን ሲያናግር ነው፤ ጀግናው ንጉሡን ሲያናግር ደግሞ ሌላ፣ የአክብሮት አነጋገር ያስፈልጋል። ለማሳያው አንድ ጀግና ብቻ ያስገቡ። ፊደሉንም (ፎንቱን) ቀድመው ይሞክሩ፦ ለጌም የተሠሩ አብዛኞቹ የፒክስል ፊደላት ግዕዝ ስለሌላቸው በቦታው ባዶ ሳጥን ይታያል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ይሠራል።

ጥያቄ፦ እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ አንድ የጌም ቡድን ጋብዞኛል። ምን ልጠይቅ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ማሳያውን ይጫወቱ፤ ከሌለ ገና ነው ብለው ይተዉት። ካለ፣ ስንት ምስል፣ በምን መጠን፣ እስከ መቼ ብለው ይጠይቁ። ጌሙ ቢሸጥ ድርሻዎ ምን እንደሆነ፣ ቡድኑ ቢፈርስ ሥዕልዎን ለሌላ ሥራ መጠቀም እንደሚችሉ በአንድ ገጽ ይጻፍና ሁላችሁም ፈርሙ። የ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሥዕልንም፣ ሙዚቃንም፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፤ የቃል ስምምነት ግን በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል። ሥዕልዎን ሲልኩ ንብርብሮቹ (ሌየሮቹ) ያልተዋሃዱበትን ዋና ፋይል እርስዎ ጋር ያስቀሩ።