«ፈቃድ አላቸው» ተባልን፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጅማ፣ ቦዬ ረግረግ አጠገብ ነው። እናቴ ያሳደገችን ቄጠማ አጭዳ እየሸጠች ነው። አሁን ረግረጉን አጠንፍፈው ለጡብ የሚሆን አፈር ሊቆፍሩ ነው። ቀበሌ ስንጠይቅ «ፈቃድ አላቸው» ይሉናል። ደቡብ አፍሪካ ዓሣ አጥማጆች የነዳጅ ኩባንያ በፍርድ ቤት አስቆሙ ሲባል ሰማሁ። እኛስ? የቦታው ካርታ የለንም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሰማኸው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሼል ዋይልድ ኮስት በሚባለው ዳርቻ ባሕር ላይ ዘይትና ጋዝ ፍለጋ ጀመረ፤ ከመርከብ ወደ ባሕሩ ወለል ኃይለኛ ድምፅ እየለቀቁ ነው የሚፈልጉት። ነዋሪዎቹ ባሕሩ እንጀራችን ነው፣ የሞቱት አባቶቻችን መንፈስም እዚያ ነው ብለው ከሰሱ። ዲሴምበር 28 ቀን እግድ አገኙ። በ2022 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን ራሱን ሻረው። ለምን? ምክክር የተደረገው ከባህላዊ መሪዎች ጋር እንጂ ከሕዝቡ ጋር ስላልነበረ፣ ማስታወቂያውም ኮሳ ለሚናገር ሰው በእንግሊዝኛና በአፍሪካንስ ጋዜጣ ስለወጣ። በ2024 ይግባኝ ሰሚውም ፈቃዱ ሕገወጥ ነበር አለ፤ ግን ኩባንያው ምክክሩን አሟልቶ የፈቃድ እድሳት እንዲሞክር በር ተወለት። ስለዚህ አንዴ ረትተናል ብሎ መተኛት የለም።

ያ ፍርድ የእኛን ዳኛ አያስገድድም። የእኛ ሕግ ግን ደካማ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ፕሮጀክቱ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ካርታ የለንም ያልከው አያስጨንቅህ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ ጉዳቱ ገና ያልደረሰ ቢሆንም አቤት ማለት ይችላል ይላል።

ቀጥታ ፍርድ ቤት አትሂዱ። መጀመሪያ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ በአፋን ኦሮሞ ይሁን። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ሰነድ፣ ማለትም ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ የተጠናበት ወረቀት፣ እንዲታያችሁ ጠይቁ። ማን ተጠየቀ፣ መቼ፣ በምን ቋንቋ? የቀበሌ ሊቀመንበሩ ፈርሞ ከሆነ ቄጠማ የምታጭደው እናትህ ተጠየቀች ማለት አይደለም፤ የክርክራችሁ ልብ ይሄ ነው። ውሳኔ እስኪሰጥም ቁፋሮው እንዳይጀመር ጠይቁ።

በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ፣ ወይም መልሱ ካልጣማችሁ፣ ክስ ለመመሥረት 60 ቀን ብቻ አላችሁ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ «ነገ ኑ» እየተባለ ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ውሰድ፤ በአንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎ ማኅተም ሳይመታበት ከቢሮው እንዳትወጣ።